ሁለት ጊዜ የጠጡ ሎሚዎች

አንድ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ጓሮ ወዳለችው ሰርቪስ ቤት ይገቡና በሩን ከውስጥ ገርበብ ያደርጉታል። እጃቸው ላይ መርጫ አለ። ፀጉር ቤት ውስጥ የሴቶችን ፀጉር የሚያረጥቡበትን መርጫ ታውቁት የለ? እሱን ነው የያዙት። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ነው፤ ራሳቸው ላይ አንዲት ፀጉር የለችም።

ምን ሊያደርጉበት ነው? ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ።

ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ነጭ ላስቲክ ተወጥሯል። ቁመቱ እኔ ደረት ድረስ ይሆናል። ከላይ አምፖል ተንጠልጥሎለታል፣ በአንድ በኩል እንደ በር የሚከፈት ዚፕ ተሰፍቶለታል። ውስጡ አሥራ ሁለት የላስቲክ ጠርሙሶች ከወገባቸው ተቆርጠው፣ አፈር ተሞልተው ተደርድረዋል። በየጠርሙሱ አንድ የሎሚ ችግኝ አለ።

ሎሚ። እዚህ ደብረ ብርሃን፣ በዚህ ውርጭ። እስቲ ስንቶቻችሁ ናችሁ አሁን እንኳ ጋቢ ደርባችሁ የተቀመጣችሁት? እኔም ከኮቴ ስር ሹራብ ለብሻለሁ። እና ማነው በዚህ አገር ሎሚ የሚያበቅለው?

ሰውየውን ጋሽ ንጋቱ እንበላቸው፤ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለ። እውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ ብታውቋቸውም ዘወር ዘወር እያላችሁ አትፈልጓቸው። የልጃቸውን ስም ግን አልቀየርኩም። እናትየው፣ የእኛን እንደፈለጉ ያድርጉት፣ የእሷን ግን እንዳለ ይጥሩልኝ ብለውኛል። ስመኝ ትባላለች።

ስመኝ። ስሙን አስቡት እስቲ። ስምንት ዓመት ልጅ አጥተው፣ እናት ስትመኝ አባት ሲመኝ ነው የመጣችው። አንድ ልጅ ናት፤ ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም የለም።

ይህች ስመኝ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዕፅዋት ተማረች። እትዬ አስካለ የቆላ ሰው ናቸው፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው ያደጉት። ከተዳሩ ጀምሮ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ብርዱ ሲያንገፈግፋቸው የሚሏት ነገር አለች፦ አባቴ ቤት ቢሆን ይኼኔ ሎሚ ከጓሮ እቆርጥ ነበር። ስመኝ ይህን እየሰማች አደገች። ተመርቃ ሥራ ስታጣ ጊዜ፣ እማዬ እዚሁ ሎሚ አበቅልልሻለሁ አለች። ያንን የላስቲክ ቤት የሠራችው እሷ ናት። የችግኝ ድንኳን ትለዋለች።

ጋሽ ንጋቱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ሎሚን የሚያውቁት ሻይ ላይ ነው። ልጅቷ ግን አስቀምጣ አስተማረቻቸው። ትንሽ ችግኝ ሥሯ ገና ክር ስለሆነ ከአፈር ብዙ መሳብ አትችልም፣ የእኛ አገር ደረቅ ንፋስ ደግሞ ያለቻትን ውሃ ከቅጠሏ ላይ ይወስድባታል። ስለዚህ አየሩን እርጥብ እናደርግላታለን፤ ላስቲኩም ለዚሁ ነው። አፈሩ ግን ሌላ ነገር ነው አለቻቸው። አፈሩ ውሃ የሚጠጣው ሲጠማው ብቻ ነው። ሥር ይተነፍሳል፣ አባዬ።

ሥር ይተነፍሳል። እኔ ይህን እስካለፈው ዓመት አላውቅም ነበር። እናንተ ታውቁ ነበር?

ሥራው አልተገኘም። ስመኝ እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን አረብ አገር ሄደች። ችግኞቹ አራት አራት ቅጠል ይዘው ነበር። እሑድ እሑድ፣ ወላጆቿ ከዚህ ጉባኤ ሲመለሱ ትደውላለች። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ሎሚዎቹ ነው። ስንት ቅጠል አወጡ? አፈሩን በጣት ንኩት፤ ደርቋል? እንግዲያው ዛሬ አጠጡ። አልደረቀም? እንግዲያው አትንኩት። አንዳቸው ሲያጠጡ አንዳቸው ቆመው ያያሉ። ባሕር ማዶ ሆና ጓሮውን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች።

ከዚያ በጥቅምት አንድ እሑድ ደወለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ጋሽ ንጋቱ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አወሯት። ከዚያ ለእትዬ አስካለ ሰጡ፤ እሳቸው ደግሞ ይሻላል ብለው ስልኩን ይዘው ጓሮ ወጡ። ስልኩ እዚያው እጃቸው ላይ ተቋረጠ። ምን አለች ሲባባሉ፣ ሁለቱም የመለሱት፣ ደህና ነኝ አለች ብቻ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አልደወለችም። ሲደውሉላት ስልኩ ዝግ ነው። በሦስተኛውም እሑድ ዝግ ነው። የላካት ኤጀንሲ ቤት ቀይራለች አለ፤ የቀየረችበትን ቤት ግን አያውቀውም። ኅዳርም ገባ፣ ስልኩ እንደተዘጋ ነው።

አሁን ወገኖቼ፣ እኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ምን እናደርጋለን? እንጮኻለን? አንጮኽም። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ምንድን ነው? ሟርት ነው። ጠፋች ማለት ሟርት፣ ናፈቀችኝ ብሎ እንባ ማፍሰስ ሟርት። ጎረቤት ሲጠይቅ፣ ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው እንላለን። እትዬ አስካለም እንዲሁ አሉ። ይባስ ብሎ ድንኳን የሚለውን ቃል ከቤታቸው አወጡት። ድንኳን ሲባል ምን እንደሚታየን ታውቃላችሁ። ቤቴ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል አትበሉብኝ አሉ። ከዚያ ወዲያ የላስቲኩ ቤት ስሙ ጎጆው ሆነ።

እኔስ ምን አደረግሁ? እረኛቸው ነኝ አይደል? ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ አስካለን ለብቻቸው፣ ባለቤትዎ ፊት አያልቅሱ፣ ይሰበራሉ አልኳቸው። ጋሽ ንጋቱን ደግሞ ለብቻቸው፣ እርስዎ የቤቱ ራስ ነዎት፣ እርስዎ ከደከሙ እሷ ትወድቃለች አልኳቸው። እምነት ያለው ሰው ፊቱ አይጠቁርም ብዬም ጨመርኩበት። ሁለቱም እሺ አሉኝ። ታዛዦች ናቸው። ምነው ባልታዘዙኝ ኖሮ።

ምክንያቱም ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የልጅቷ ስም አልተጠራም። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይጸልያሉ፣ ስለ ብርዱ ያወራሉ። ስመኝ የሚል ቃል ግን የለም። እሱ ለእሷ ሲል፣ እሷም ለእሱ ስትል።

ታዲያ ናፍቆት ዝም ሲሉት የሚጠፋ ይመስላችኋል?

ጋሽ ንጋቱ ጠዋት ጠዋት፣ ባለቤታቸው ኩሽና ሲገቡ ጠብቀው፣ መርጫቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። ዚፑን ከፍተው ቅጠል በቅጠል እያረጠቡ፣ አፈሩንም እያጠጡ፣ ቢራ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጡና ልጃቸውን ያወሯታል። ስመኝ ላስቲኩ ውስጥ አንድ መለኪያ ሰቅላ ሄዳለች፤ የአየሩን እርጥበት በቁጥር የሚያሳይ ነው። ከስድሳ እስከ ሰባ ይሁን ብላቸው ነበር፤ እሱን ረስተውታል። ዘጠና አምስት ይላል። ጋሽ ንጋቱ ዘጠና አምስት ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ልጅቷ ትምህርት ቤት እያለች ዘጠና አምስት ይዛ ስትመጣ እንደሚደሰቱት፣ ጎበዝ ብለው ዚፑን ይዘጋሉ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ንጋቱ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ፀሐይ ሊሞቁ ይወጣሉ። ያኔ እትዬ አስካለ በሻይ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ወደዚያችው ቤት ይገባሉ። በየጠርሙሱ አንድ አንድ ብርጭቆ። እዚያው የቢራ ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ፤ እሳቸውም ልጃቸውን ያወሯታል። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ይታያቸዋል። ላስቲኩ ይዞት ነው፣ ልጄ እኮ ስትሠራው አሳምራ ነው ይላሉ። ጠዋት ጋሽ ንጋቱም አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት የሚሉት ይህንኑ ነው።

እሱ፣ አስካለ እዚያ ቤት መግባት አትችልም፣ ልቧ አይችለውም ብሎ ያስባል። እሷም፣ ንጋቱ እዚያ ቤት ድርሽ አይልም፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይሸሻል ብላ ታስባለች። አያችሁ? ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው።

ከዚያ ችግኞቹ መጠውለግ ጀመሩ። ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፣ ተንጠለጠለ። የጠወለገ ተክል ስታዩ ምን ትላላችሁ? ጠምቶታል ትላላችሁ። ጋሽ ንጋቱም ጠምቷቸዋል አሉ፤ ጨመሩ። እትዬ አስካለም ጠምቷቸዋል አሉ፤ ሁለት ሁለት ብርጭቆ አደረጉት።

አንዷ ከአፈሩ አፍ ላይ፣ አንገቷ ጠቁሮ ወደቀች። በሳምንቱ ሁለት ወደቁ። ተነጋገሩ? አልተነጋገሩም። ይህን ለእሷ መንገር መርዶ መንገር ነው አሉ ጋሽ ንጋቱ በሆዳቸው። እትዬ አስካለም በሆዳቸው እንደዚያው አሉ። በታኅሣሥ አጋማሽ ከአሥራ ሁለቱ የቀሩት ሦስት ናቸው።

ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ለእነዚያ ሁለት ሰዎች ሎሚዎቹ ተክል አልነበሩም። ስመኝ በእጇ ዘርታ የሄደችው፣ የቀራቸው ሕይወት ያለው ነገር ያ ብቻ ነው። አንዷ ስትደርቅ እናት ምን ይሰማታል? ሁለቱም በልባቸው አንድ ነገር አስረው ነበር፤ እነዚህ ከሞቱ ልጄም አትመጣም የሚል። እንዲህ አይታሰብም በሉኝ። ልጅ የጠፋባችሁ ግን ታውቁታላችሁ።

አንድ ቅዳሜ እትዬ አስካለ ደወሉልኝና ይምጡና ለልጄ ሎሚዎች ይጸልዩልኝ አሉ። ሄድኩ። ሰው ቤት ለጸሎት ለብቻ ስለማይኬድ እትዬ ብዙነሽን አስከተልኩ። ታውቋቸዋላችሁ፤ ሠላሳ ዓመት ችግኝ ጣቢያ የሠሩ ናቸው፤ ዛሬም እዚህ አሉ። እሳቸውን ያስከተልኩት ግን ስለ ተክል ስለሚያውቁ እንዳይመስላችሁ። ቤታቸው መንገድ ላይ ስለሆነ ነው።

ጋሽ ንጋቱም ቤት ነበሩ። እትዬ አስካለ በየቀኑ እንደሚገቡ እንዳይታወቅባቸው፣ እስቲ ለእንግዶቹ ጎጆውን አሳይ ብለው ባላቸውን ፊት አስቀደሙ። አራታችንም ገባን። ዚፑ ሲከፈት የሞቀ እንፋሎት ፊቴን መታኝ፣ መነጽሬ ጭጋግ ለበሰ። ሦስቱ ሎሚዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔ ምን አውቃለሁ? እጄን ቅጠሉ ላይ ጭኜ ጸለይኩ። ረጅም ጸሎት ነው የጸለይኩት። ሥሩ በስብሶ እኔ ቅጠሉ ላይ እጄን ጭኜ አሜን እላለሁ።

እትዬ ብዙነሽ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። እንዴት አወቅሁ? እኔም አንዱን ዓይኔን ገለጥ አድርጌ ነበር። እሳቸው አንዱን ጠርሙስ አንስተው በእጃቸው መዘኑት። አፈሩን በጣታቸው ቆንጠር አድርገው አሸተቱ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ። መለኪያውን አዩ። ከዚያ ጸሎቴን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁኝም።

"የሚያጠጣው ማነው?" አሉ።

"እኔ" አሉ ጋሽ ንጋቱ።

"እኔ" አሉ እትዬ አስካለ።

በአንድ አፍ ነው ያሉት። ከዚያ ዞረው ተያዩ። ብዙ ባልና ሚስት አጋብቻለሁ፤ እንደዚያ ሲተያዩ ያየኋቸው ግን እነዚያን ብቻ ነው።

አንተ ደግሞ መቼ ገብተህ ታውቃለህ አሉ እትዬ አስካለ። በየቀኑ አሉ። አንቺስ? በየቀኑ። ጋሽ ንጋቱ እንዲህ አሉ፦

"ለእኔ ነው እኮ አደራ ያለችኝ። በመጨረሻው ቀን፣ ስልኩን ለአንቺ ከመስጠቴ በፊት።"

እትዬ አስካለ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አሉ። "ለእኔም ብላኛለች" አሉ። "ጓሮ ወጥቼ።"

"ምን ብላ?"

"እማዬ፣ አባዬ ይረሳል፣ ሎሚዎቹን አንቺ አደራ ብላ።"

ጋሽ ንጋቱ ግድግዳውን ተደገፉ። "እኔን ደግሞ፣ እማዬ ሥራ ይበዛባታል፣ አንተ አደራ ነው ያለችኝ።"

ልጅቷ ለሁለቱም አንድ ነገር ነው የነገረቻቸው። እሱን በእሷ እያሳበበች፣ እሷን በእሱ እያሳበበች። ልጆች እንዲህ አይደሉ? ሁለቱም ያንን የመጨረሻ ቃል ይዘው፣ የእኔ ብቻ ነው ብለው፣ በሆዳቸው ደብቀው ሁለት ወር ኖሩ። እና ምን ሆኑ መሰላችሁ? ሳቁ። መጀመሪያ እትዬ አስካለ ሳቁ። ቀጥሎ ጋሽ ንጋቱ። የስመኝ ነገር ነዋ፤ እሷን ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ቤት ውስጥ ሰሟት። ሳቁ መሐሉ ላይ ተሰበረ። ጋሽ ንጋቱ ሾፌር የነበሩ ትልቅ ሰው፣ ወለሉ ላይ በጉልበታቸው ወረዱ።

"አስካለ፣ ናፈቀችኝ" አሉ።

እትዬ አስካለ፣ ሟርት አታድርግባት የሚሏቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ "እኔንም ገደለኝ ናፍቆቷ" ብለው የባላቸውን ራስ አቅፈው ተቀበሏቸው።

እኔ መነጽሬን እየወለወልኩ ቆሜያለሁ። ምን እንደሠራሁ ገባኝ። ሁለቱን ለያይቼ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ሰይጣን ነው ብዬ ላመካኝ አልችልም፤ አፌ ነው።

እትዬ ብዙነሽ እንባ የሚወዱ ሰው አይደሉም። ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሱና፣ እነዚህ ልጆች ጠምቷቸው አይደለም የሞቱት፣ የሁለት ሰው ናፍቆት ለብቻቸው ጠጥተው ነው አሉ። ሥራቸው ትንፋሽ አጥቷል። በውሃ የታነቀ ተክልና የተጠማ ተክል ሲጠወልጉ አንድ ናቸው፤ ቅጠሉን ብቻ ያየ አይለያቸውም። ከዛሬ ጀምሮ ስምንት ቀን አንድ ጠብታ ውሃ እንዳታጠጡ። እኩለ ቀን ላይ ዚፑን ከፍታችሁ አየር አስገቡ። ይኸው ነው።

ስምንት ቀን ምንም አለማድረግ! ለሚናፍቅ ሰው ከዚህ የከበደ ትእዛዝ አለ? እጃቸው የሚይዘው አጣ። እኩለ ቀን ላይ ግን አብረው ይገባሉ። አንድ ሳጥን ነበር፣ ሁለተኛ አመጡ። ዚፑን ከፍተው ይቀመጣሉ፤ ስለ ስመኝ ያወራሉ። እሱ የማያውቀውን እሷ ነገረችው። እሷ የማታውቀውን እሱ ነገራት። አንዳንድ ቀን ይጣሉ ነበር አሉኝ፤ ሂጂ ያልሻት አንቺ ነሽ፣ አንተ ነህ ተባብለዋል። እሱም ይውጣ። ታምቆ የኖረ ነገር ሲወጣ ሽታ አለው።

ከሦስቱ ሎሚዎች ሁለቱ አልተረፉም። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው። አንዷ ግን ቀና አለች። ዛሬ ዘጠኝ ቅጠል አላት፤ ቀን ቀን ላስቲኩ ተገልጦላት የእኛን አየር ትለማመዳለች።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ተከተለ። እትዬ አስካለ ጎረቤት ሲጠይቃቸው፣ ደህና ናት ማለት ተዉ። ልጄ ጠፍታብኛለች አሉ። ፎቶዋን ይዘው እዚህ ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ አይታችኋቸዋል። ያኔ ነው ከመካከላችሁ ሁለት እናቶች፣ የእኔም ልጅ እዚያው ከተማ ናት፣ ታጠያይቅልሻለች ያሉት። እስከዚያ ቀን ለምን ማንም አልፈለጋትም? ደህና ናት ስለተባልን ነዋ። ሟርት ፈርተን ዝም ስንል ልጅቷ የምትፈለግበትን ከሁለት ወር በላይ ጊዜ አቃጠልን።

ስመኝስ ተገኘች ወይ ልትሉኝ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት አልደወለችም። አዎ፣ እኔም ይህን ታሪክ በሌላ ዜና ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት እነዚያ ሁለቱ ቤታቸው ሲጸልዩ ግን በበር በኩል ሰምቻቸዋለሁ። ድሮ፣ ፈቃድህ ይሁን ብለው ፈጥነው ይነሱ ነበር። ዛሬ፣ ስመኝን መልስልን፣ አልቻልንም ይሉ ነበር፤ በየተራ፣ ጮክ ብለው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ሰዓቱን የሚያየው ወንድሜ፣ አየሁህ፤ ትንሽ ታገሠኝ።

በየቤታችሁ የማትጠሩት ስም ማን ነው? አለ አይደል? በምሳ ሰዓት ሲነሳ ወሬ የሚለወጥበት። አንተ ለሚስትህ ስትል የማትጠራው፣ እሷም ለአንተ ስትል የማትጠራው። ባልሽ በርትቷል ብለሽ ታስቢያለሽ፤ የት እየሄደ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ? ሚስትህ ረስታለች ብለሃል፤ በምን ሰዓት በር እንደምትዘጋ ጠይቀሃል?

የተደበቀ ናፍቆት ይሄዳል፣ የሆነ ነገር ላይ ይፈስሳል። የቀረችህ አንዲት ልጅ ላይ ታፈስሰዋለህ፤ ከደጅ እንዳትወጣ፣ እንዳትተነፍስ አድርገህ። ሥራ ላይ ይፈስሳል። ቤተ ክርስቲያን ላይ እንኳ ይፈስሳል፤ ከዚህ አዳራሽ የማይጠፉ፣ ቤታቸው ግን የማይነጋገሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሰው ሲያያችሁ እርጥብ ናችሁ። ስትዘምሩ እንባችሁ ይወርዳል። መለኪያው ዘጠና አምስት ይላል። ሥሮቻችሁስ ይተነፍሳሉ ወይ?

ጠውልጋችሁ ስትመጡ እኛ አገልጋዮች ምን እናደርጋለን? ጠምቷቸዋል እንልና እንጨምርባችኋለን። ሌላ ጾም፣ ሌላ ስብሰባ፣ ሌላ በርቱ። አንድ ቀን እንኳ፣ ምንድን ነው የናፈቃችሁ ብለን ሳንጠይቅ።

የሚያምን ሰው አይናፍቅም ያላችሁ ማነው? እኔ ነኝ። ከዚህ መድረክ ላይ ቆሜ ነው ያልኩት። ዛሬ እዚሁ ቆሜ ቃሌን አነሳለሁ። እግዚአብሔር ናፍቆትን ሟርት ብሎ አይሰማውም። ስሙን ጠርታችሁ ስትለምኑት ጆሮውን አይደፍንም። ጆሯችንን የደፈንነው እኛው ነን፣ አንዳችን ለአንዳችን።

እኔ ታላቅ ወንድም ነበረኝ። አለኝ ልበል? አላውቅም። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት አንድ ማለዳ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። አልተመለሰም። እናቴ፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው እንዳለች ሞተች። አባቴ ስሙ ሲነሳ ከቤት ይወጣ ነበር። እኔ ወንጌል ሰብኬ፣ ስንቱን ቀብሬ፣ ስንቱን አጽናንቼ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ወንድሜን በስሙ ጠርቼ ጸልዬለት አላውቅም። ባለቤቴ እዚህ ተቀምጣለች፤ ስሙን ዛሬ ገና ልትሰማ ነው።

እንነሳ። ዓይናችሁን መጨፈን የለባችሁም። በአጠገባችሁ ያለውን ሰው እዩት፣ የናፈቃችሁን ሰው በስሙ ጥሩለት። ካፈራችሁ እኔ እጀምራለሁ።

መንገሻ ይባላል። ወንድሜ ነው፤ በጣም ናፍቆኛል። ጌታ ሆይ፣ የት ነው ያለው?